ማዘዣው በዶክተሩ ስም፣ ጽሑፉ በእኔ እጅ፦ ነርስ እስከ ምን ድረስ ማከም ትችላለች?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ የግል ክሊኒክ የምሠራ ነርስ ነኝ። በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ ማስተርሴን ይዣለሁ። ክሊኒካችን በስሙ የተመዘገበ ሐኪም አለው። ግን ከሰዓት በኋላ ብቅ ብሎ ጥቂት ሰው አይቶ ይሄዳል። ማታ እኔና የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ብቻ ነን። ዶክተሩ ፈርሞና ማህተም መትቶ የሚተዋቸው ባዶ ማዘዣዎች አሉ። ባለቤቱ «አንቺ ከሱ በምን ታንሻለሽ? ጻፊ!» ይለኛል። እኔም እጽፋለሁ። ባለፈው ወር ከዴዶ በኩል የመጣች ሴት ሴፍትሪያክሶን (የፀረ ተሕዋስያን መርፌ) አዝዤ ስሰጣት ሰውነቷ ተቆጣ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ። ወዲያው አድሬናሊን ወጋኋት፣ ኦክሲጅን አድርጌ ወደ ሆስፒታል ላክኋት። ተኝታ ታክማ ድና ወጣች። ቤተሰቦቿ ግን «ዶክተር ሳያያት መርፌ ሰጧት፣ እንከሳለን» እያሉ ነው። ባለቤቱ «ካርዱን እናስተካክለው» ይላል። እምቢ ካልኩ ሥራውን እንድለቅ ነግሮኛል። የአክስቴ ልጅ ሚኔሶታ ውስጥ ነርስ ፕራክቲሽነር ናት። ብቻዋን ትመረምራለች፣ መድኃኒት ታዛለች። እኔም ማስተርስ አለኝ፤ ለምን አልችልም? እሷስ በክረምት ስትመጣ እኛ ክሊኒክ ልታግዝ ትችላለች? ከአክብሮት ጋር፣ ከሄርማታ።

መልስ፦

ሲስተር፣ እንኳን ሴትየዋ ዳነች። ደብዳቤሽን ስከፍት ዓይኔ መጀመሪያ የፈለገው የእሷን መጨረሻ ነው። አንቺም በዚያች ሌሊት ብቻሽን የተሸከምሽው ነገር ቀላል አይደለም።

ብዙ ነገር ጠይቀሻል። ሁሉንም እመልሳለሁ። አንዱ ግን ቀን አይሰጥም፣ እሱን ላስቀድም።

ካርዱን እንዳትነኪው። ባለቤቱም እንዳይነካው። አንድ ቃል አትሰርዢ፣ አንድ ገጽ አትቀይሪ፣ በሌላ ቀን እንደተጻፈ አድርገሽ ምንም አትጨምሪ። በዚያ ሌሊት ሳትጽፊው ያለፈ ነገር ካለ፣ ዛሬ በተጻፈበት ቀን፣ በራስሽ ስምና ፊርማ፣ ዘግይቶ የተጻፈ መሆኑን ገልጸሽ ማስፈር ትችያለሽ። ከዚያ ያለፈው ሁሉ አደጋ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ። እስካሁን ሊነሳብሽ የሚችለው ዋናው ጥያቄ የቸልተኝነት ጥያቄ ነው። ሰነድ ከተነካ ግን ጉዳዩ ሆን ብሎ ወደ ተሠራ ወንጀል ይዞራል። በቸልተኝነት የተከሰሰ ባለሙያ «እንዲህ ሠራሁ፣ የሠራሁት በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ይከራከራል። ካርድ የቀየረ ሰው ግን የሚለው ነገር አይኖረውም። ደግሞ አትርሺ፣ የሪፈር ወረቀቱ ሆስፒታል ገብቷል። እዚያ ያለው ጽሑፍና እናንተ ጋ ያለው ካርድ ካልተስማሙ መርማሪው በአንድ ቀን ያገኘዋል።

ካርዱን በስልክ አንስተሽ ቤት መውሰድ ወይም ለሰው በቴሌግራም መላክም አይገባም። የታካሚን ምስጢር ማውጣት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399 ይመለከተዋል። ማስረጃው እንዳይጠፋ ከሠጋሽ፣ ካርዱ እንዲጠበቅ የሚጠይቅ አጭር ደብዳቤ ለባለቤቱ ጽፈሽ አስፈርሚውና አንድ ቅጂ ያዢ። ቢፈርምም ባይፈርምም፣ መስጠትሽን የሚያውቅ ሰው ይኑር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ያቺ ሌሊት አንድ ታሪክ ትምሰል እንጂ በሕግ ዓይን ሦስት የተለያዩ ድርጊቶች አሉባት። አድሬናሊኑ፣ ሴፍትሪያክሶኑ እና የተፈረመው ባዶ ማዘዣ። ሰዎች ሦስቱን አንድ ላይ ደባልቀው ያስፈራሩሻል። አትደናገጪ፣ አንድ በአንድ እንያቸው።

አድሬናሊኑን በሚመለከት አንገትሽን ቀና አድርጊ። እንዲህ ያለ የከበደ አለርጂ ሲመጣ ቀድሞ የሚሰጠው መድኃኒት እሱ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ሐኪም እስኪመጣ ብትጠብቂ ኖሮ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር። ሕጉም ከአንቺ ጋር ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 75 በሌላ መንገድ ሊወገድ የማይችልን ድንገተኛና ከባድ አደጋ ለማስቀረት የተሠራን ድርጊት በአስገዳጅ ሁኔታ እንደተፈጸመ ያየዋል። አንቀጽ 69 ደግሞ ሙያው በሚቀበለው አሠራር መሠረት የተፈጸመ የሙያ ግዴታ፣ ከባድ የሙያ ጥፋት ከሌለበት፣ አያስቀጣም ይላል። እንዲያውም በሌላ በኩል ብታየው፣ አንቀጽ 537 ሐኪምን ብቻ ሳይሆን ነርስንና አዋላጅንም በስም ጠርቶ፣ ከባድ ችግር ላይ ያለን ሰው ያለ በቂ ምክንያት አላክምም ማለትን ይቀጣል። ስለዚህ ድንገተኛ ሲገጥምሽ፣ ሐኪም ኖረም አልኖረም፣ ሕይወት የሚያተርፈውን ሥሪ፣ ከዚያ ሪፈር አድርጊ፣ ሰዓቱን ጻፊ። ይህን ምክር የምሰጠው ለአንቺ ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ የሌሊት ተራ የሚሠሩ ነርሶች ሁሉ ይስሙት።

ሴፍትሪያክሶኑ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል።

ቤተሰቡ «መርፌው ጎዳት» ይላል። መድኃኒት ሰውነት ማስቆጣቱ ብቻውን ግን ጥፋት አይደለም። በስፔሻሊስት እጅም ቢሰጥ ሊያስቆጣ ይችላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው። ባለሙያው የሙያውን ደንብ ጠብቋል ወይ? ባለማስተዋል ወይም በቸልተኝነት፣ ሙያው ከሚያዘው ወጥቷል ወይ? በአንቺ ጉዳይ ጥያቄዎቹ እነዚህ ይሆናሉ። ቀድሞ መድኃኒት አስቆጥቷት ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሻት? መልሷን ጻፍሽው? ለያዛት በሽታ መርፌው ያስፈልግ ነበር ወይስ በሚዋጥ መድኃኒት መጀመር ይቻል ነበር? በተገቢው መጠንና ፍጥነት ነው የሰጠሽው? ከሰጠሻት በኋላ አጠገቧ ነበርሽ? የመጨረሻው ለአንቺ ጥሩ ይመስለኛል፤ ወዲያው ባታዪው ኖሮ አትተርፍም ነበር። ዳኛ ይህን ከራሱ አውጥቶ አይወስንም። ብዙ ጊዜ የጤና ባለሙያዎች ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሙያ አስተያየት እንዲሰጥ ይደረጋል። ኮሚቴው የሚያነበው ደግሞ ያንን ካርድ ነው። ለዚህ ነው በካርዱ የጀመርኩት።

እስከዚህ ድረስ ጉዳዩ በማንኛውም ሐኪም ላይ ሊመጣ የሚችል ነው። አንቺ ላይ የሚጨመረው ነገር ከዚህ ይጀምራል። የጤና ሕጋችን ማንም ባለሙያ ያለ ሙያ ፈቃድ እንዳይሠራ፣ ፈቃድ ያለውም በፈቃዱ ወሰን ውስጥ እንዲሠራ ያዛል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2035 ደግሞ በግልጽ የተጻፈን የሕግ ድንጋጌ መተላለፍ ራሱ ጥፋት ነው ይላል። ሕጉን አላውቅም ማለትም ማምለጫ አይሆንም። ስለዚህ የከሳሹ ጠበቃ አሰጣጥሽ ጥሩ ነበር አልነበረም በሚለው ላይ ብዙ መድከም ላያስፈልገው ይችላል። «ይህን የማዘዝ ፈቃድ አላት ወይ?» ብሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል። አንቺም መልስሽ ማስተርሴን ጨርሻለሁ ከሆነ፣ እሱ የተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይደለም።

በወንጀሉ በኩል ያለውን ልዩነት በቁጥር ልንገርሽ፤ ማስፈራራት ፈልጌ ሳይሆን ማወቅ ስለሚገባሽ ነው። ሴትየዋ ስለዳነች ሊመጣ የሚችለው በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ፣ አንቀጽ 559 ነው። እሱም ቢሆን ቸልተኝነቱና ጉዳቱ ተያይዘው መረጋገጥ አለባቸው። ሞታ ቢሆን ግን አንቀጽ 543 ነበር የሚመጣው። ያ አንቀጽ በተራ ሰውና የሰውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው መካከል ይለያል። ለባለሙያ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ አለው። ይህ ንዑስ አንቀጽ 2 ነው። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ግልጽ ደንቦችን ሆን ብሎ ጥሶ ሞት ላደረሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራትና ከ10,000 እስከ 15,000 ብር ያስቀምጣል። «ሆን ብሎ ጥሶ» የሚለው ላይ ቆም በይ። ከፈቃድሽ ወሰን ውጭ መሆንሽን እያወቅሽ በየሌሊቱ የምትጽፊው ማዘዣ፣ አንድ ቀን ሰው ቢሞት፣ ዐቃቤ ሕግ ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 እንዲሄድ በር ይከፍትለታል። ባለቤቱ «ጻፊ» ሲልሽ ይህን አልነገረሽም።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉ የከፋው፣ ባዶው ማዘዣ ነው። ማዘዣ ላይ ያለ ፊርማ «ይህን ሰው እኔ አይቼዋለሁ፣ ይህን መድኃኒት ያዘዝኩት እኔ ነኝ» ማለት ነው። ፋርማሲስቱ የሚያምነው ያንን ነው። ታካሚዋም የከፈለችው ለዚያ ነው። በሌላ ሰው ፊርማ ላይ እውነት ያልሆነ ነገር ሞልቶ መጠቀም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 375 መሠረት ሐሰተኛ ሰነድ በማዘጋጀት ሊያስጠይቅ ይችላል። አንቀጹ ሌላውን የመጉዳት ወይም የማይገባ ጥቅም የማግኘት ሐሳብ መኖሩን ይጠይቃል። ጥቅሙ ለሌላ ሰው ቢሆንም ያስጠይቃል፤ እዚህ ጥቅሙ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው፣ ሐኪም ሳይቀጥር የሐኪም ዋጋ የሚያስከፍለው የክሊኒኩ ባለቤት ነው። ፈርሞ የሄደው ዶክተርም ነጻ አይደለም። ማህተሙን ትቶ የሄደ ሐኪም ያላያትን ታካሚ በኃላፊነቱ ሥር አድርጓታል፤ ፈቃዱንም አደጋ ላይ ጥሏል። ይህን እየሠሩ ያሉ ሐኪሞች ይህን ጽሑፍ ካነበቡ፣ እባካችሁ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ወረቀቶቻችሁን ሰብስቡ። የቀን ድካማችሁ ይገባኛል። ግን ሌሊት ብቻዋን የቀረችውን ነርስ ነው ከፊታችሁ ያቆማችኋት።

«አሠሪዬ አዞኝ ነው» የሚለው መከላከያስ? አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2036 በአለቃው ትእዛዝ የሠራ ሰው ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመው አጥፍቷል ይላል። ትእዛዙን ለመቃወም ፈጽሞ የማይቻልበት ጥብቅ ተዋረድ ሲኖር የሚሠራ ልዩ ሁኔታ አለ፤ የግል ክሊኒክ ግን የጦር ሰፈር አይደለም። ይህ ማለት ባለቤቱ ይድናል ማለት አይደለም። የአንቀጽ 2130 ሐሳብ አሠሪ ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው የሚል ነው። አንቀጽ 2651 ደግሞ የሕክምና ተቋም ሐኪሞቹም ሆኑ ረዳት ሠራተኞቹ በጥፋታቸው በታካሚ ላይ ላደረሱት ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ያደርገዋል። ስለዚህ ቤተሰቡ ካሳ ቢጠይቅ ክሊኒኩም አብሮ ይቆማል። ብቻ አሠሪ ካሳ ከከፈለ በኋላ ጥፋተኛ ወደሚለው ሠራተኛ ዞሮ ሊጠይቅ እንደሚችል እወቂ። ዛሬ «እኔ አለሁልሽ» የሚልሽ ሰው ያኔ በምን ቃል እንደሚመጣ አታውቂም።

ቤተሰቡን በሚመለከት። በእኛ አካባቢ እንዲህ ያለ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። መልካም ነው፣ አልከለክልሽም። ሄደሽ ጠይቂያት፣ እንዴት እንደሆነች እይ፤ ሰው ሲታመም መጠየቅ ባህላችን ነው እንጂ ጥፋትን ማመን አይደለም። የካሳው ጉዳይ በእርቅ ካለቀ ግን በጽሑፍ ይሁን፣ ወገኖቹና ምስክሮች ይፈርሙበት። እርቁ ዐቃቤ ሕግ ሊያቀርበው የሚችለውን ክስ በራሱ እንደማይዘጋም እወቂ። ካልታረቁ ደግሞ በአንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለሚቀርብ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ጊዜ አላቸው። ድርጊቱ ወንጀል ሆኖ የወንጀሉ ይርጋ ከዚያ የሚረዝም ከሆነ የካሳውም ያንን ይከተላል። «ዝም ካሉ አለፈ» ብለሽ ማስታወሻሽን እንዳትጥይ።

አሁን ስለ አክስትሽ ልጅ። «እሷ ከቻለች እኔ ለምን?» ያልሽው የቅናት ጥያቄ አይደለም፤ በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አሜሪካኖቹ ምን እንዳደረጉ ሲታይ ይገባል።

ነርስ ፕራክቲሽነር የሚባለው ሙያ የተጀመረው በ1965 እ.ኤ.አ. ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሔንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ናቸው ያቋቋሙት። መነሻው እኛ የምናውቀው ችግር ነው፤ ሐኪም ያልደረሰላቸው ሕፃናት ነበሩ። ነርሶችን ወስደው ምርመራውንና የሕክምና ውሳኔውን አሠለጠኗቸው። ዛሬ እዚያ ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተቀረጸ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ትምህርት ያስፈልጋል። ከዚያ በተማረችበት ዘርፍ፣ ለምሳሌ በቤተሰብ ጤና ወይም በሕፃናት፣ ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች። ከዚያ ክፍለ ግዛቱ የተለየ ፈቃድ ይሰጣታል። ሚኔሶታ ከ2015 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ በሐኪም ስምምነት ሥር ሳይሆኑ እንዲሠሩ ፈቅዷል። ያም ቢሆን አዲስ ተመራቂዎች መጀመሪያ ቢያንስ 2,080 ሰዓት ልምድ ካለው ሐኪም ወይም ከፍተኛ ነርስ ጋር በስምምነት መሥራት አለባቸው። የአክስትሽ ልጅ ነገ ወደ ቴክሳስ ብትዛወር ደግሞ ከሐኪም ጋር የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖራት መድኃኒት ማዘዝ አትችልም። ያው ሴት፣ ያው እውቀት፣ ያው ዲግሪ። ክፍለ ግዛት ስትሻገር ሥልጣኗ ይለወጣል።

ሕግ የሚያየው እዚህ ጋ ነው። ለአንቺ ልነግርሽ የፈለግሁትም ይህን ነው። አንድ ባለሙያ ምን ማድረግ ይፈቀድለታል ለሚለው መልሱ ያለው በያዘው ፈቃድና ፈቃዱ በሚመራበት መመሪያ ላይ ነው። ስንት ዓመት ተማረ፣ ምን ያህል ጎበዝ ነው፣ አሠሪው ምን አለ የሚለው ወሰኑን አያሰፋውም። የአንቺ ማስተርስ ትልቅ ነገር ነው። ግን በአዋቂዎች ጤና ነርሲንግ የተሰጠ ማስተርስ፣ ፈቃድሽ ላይ የማዘዝ ሥልጣን ካልተጻፈልሽ፣ በራሱ አይጽፍልሽም።

ነርስ በኢትዮጵያ መድኃኒት አታዝም ማለቴ እንዳይመስልሽ፤ እሱም ስህተት ነው። ጤና ጣቢያ የሠራሽ ከሆነ በደንብ ታውቂዋለሽ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በተቀናጀው የሕፃናት ሕመም አያያዝ መመሪያ መሠረት ነርሶች ይመረምራሉ፣ ይለያሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ። ወባም እንዲሁ ነው። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ማስጀመርም ለሠለጠኑ ነርሶች ተፈቅዶ ብዙ ሕይወት ተርፏል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንኳ በመንደር ደረጃ የሕፃናትን የሳንባ ምች በፀረ ተሕዋስያን እንዲያክሙ ተደርጓል። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ተጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች አንዱ የእኛው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎች ዛሬ በየወረዳው ሆስፒታል እናቶችን በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ፤ ማንም ሕገ ወጥ አይላቸውም።

ልዩነቱን አየሽው? በእነዚህ ሁሉ ቦታዎች ሥራው በመመሪያ ተሰጥቷል። ሥልጠና አለው፣ የሥራ ወሰን አለው፣ ተቆጣጣሪ አለው። ባለሙያው በራሱ ስም ይፈርማል። አንቺ ግን በሌላ ሰው ስም በጨለማ እንድትሠሪ ነው የተደረግሽው።

እዚህ ላይ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ማስተርስ ለያዙ ነርሶች ግልጽ የሆነ የማከምና የማዘዝ ወሰን፣ ከነፈተናው፣ በፈቃዳቸው ላይ ሊሰጣቸው ይገባል ብዬ አምናለሁ። አገሪቱ ለጤና መኮንኑ አድርጋዋለች፣ ለነርሷም ማድረግ ትችላለች። ከሰቃ፣ ከዴዶ፣ ከቀርሳ በሌሊት ታማ የምትመጣ እናት ክሊኒክ ደርሳ መጀመሪያ የምታገኘው ነርስ ነው። ያቺ ነርስ በሙሉ ስሟ ቆማ እንድታክማት ብንፈቅድላት የሚጎዳ ሰው አይታየኝም። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ክፍተቱን በባዶ ማዘዣ መሙላት ነርሷንም ታካሚዋንም አሳልፎ መስጠት ነው። የነርሶች ማኅበርም ሆነ ዩኒቨርሲቲዎቹ ይህን ጉዳይ ጮክ ብለው ሊይዙት ይገባል።

ወደ አንቺ ልመለስ። በዚህ ሳምንት የሙያ ፈቃድሽን አውጥተሽ ተመልከቺ። ማስተርስሽን ከያዝሽ በኋላ ፈቃዱን አሳድሰሽ ማዕረግሽን አስቀይረሻል ወይስ አሁንም በመጀመሪያ ዲግሪ ነው ያለው? ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል። ከዚያ ፈቃዱን ለሰጠሽ አካል፣ ፈቃድሽ በግል ክሊኒክ ምን ምን እንደሚፈቅድልሽ በጽሑፍ ጠይቂ። የሚሰጥሽ ወረቀት ወደፊት ትልቁ መከላከያሽ ነው። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ ብታደርጊው ይመረጣል፤ የቢሮዎቹ የሥራ ቋንቋ እሱ ስለሆነ ሳይጓተት ይስተናገድልሻል።

ለባለቤቱም ጻፊለት። ረጅም አያስፈልገውም። በሐኪም ስም ማዘዣ እንደማትጽፊ፣ የሥራ ዝርዝርሽ በጽሑፍ እንዲሰጥሽ፣ ሌሊት ሐኪም ወይም በፈቃዱ ማዘዝ የሚችል ባለሙያ እንዲመደብ፣ ያ እስኪሆን ከአንቺ ወሰን በላይ የሆኑ ታካሚዎችን ሪፈር እንደምታደርጊ ይበል። ስድብ አይኑረው፣ ዛቻም አይኑረው። ቀንና ፊርማ ይኑረው። ይህ ደብዳቤ ከተጻፈበት ቀን ጀምሮ «ሁሉም ተስማምቶ ነበር የሚሠራው» የሚል ሰው አፉ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ግን በቃልሽ ጽኚ። ደብዳቤ ጽፎ ማታ ማዘዣ መሙላት ካለመጻፍ ይብሳል፤ እያወቅሽ ማድረግሽን በራስሽ እጅ አረጋግጠሽ ማለት ነውና።

«ልቀቂ» ስላለሽ ተናደሽ እንዳትለቂ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው የአሠሪውን መመሪያ እንዲከተል ያዛል፤ ግን መመሪያው በሥራ ውልና በሥራ ደንብ ላይ የተመሠረተ ሲሆን ነው። ወንጀል ሥሪ የሚል መመሪያ የሥራ ውል አካል ሊሆን አይችልም። የአዋጁ አንቀጽ 26 ደግሞ ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆን በግልጽ ይናገራል። ካሰናበተሽ፣ የስንብት ደብዳቤ ጠይቂ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ መቅረብ ያለበት ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ነው። ያልተከፈለሽ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ በ6 ወር ይዘጋል። «ነገ ነገ» ሲሉ ቀኑ ያለፈባቸውን ሠራተኞች ሳይ ልቤ ያዝናል፤ አንቺ ከነሱ እንዳትሆኚ። ራስሽ መልቀቅ ከመረጥሽም፣ በመደበኛው መንገድ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተሽ ልትወጪ ትችያለሽ። ካርድ እንድታስተካክዪ ማስገደዱ ከቀጠለ ግን በአንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ለመውጣት የሚያበቃ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ያንን ከመወሰንሽ በፊት ወረቀቶችሽን ይዘሽ ጠበቃ አማክሪ። ምክንያቱ በጽሑፍ መገለጽ ስላለበት አጻጻፉ ወሳኝ ነው።

ፖሊስ ወይም የጤና ጽሕፈት ቤቱ ቃልሽን እንድትሰጪ ቢጠራሽ ሂጂ፣ አትደበቂ። ነገር ግን ከጠበቃ ጋር ሂጂ፤ ይህ መብትሽ ነው። የሆነውን እንደሆነ ተናገሪ። ባዶ ማዘዣ እንደነበር መካድ አትችይም፣ መካድም የለብሽም፤ ጽሑፉ የእጅሽ ነው። ማን ትቶት እንደሚሄድ፣ ማን ጻፊ እንደሚል፣ ሌሊት ማን እንደሚኖር በእርጋታ አስረጂ። በተፈጸመው ላይ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ በቅጣትም በካሳም ይታያል።

በመጨረሻ የአክስትሽ ልጅ። ብትመጣልን ደስ ይለናል። የሚኔሶታ ፈቃዷ ግን ጅማ ላይ አይሠራም፤ ቴክሳስ ላይ እንኳ እንደማይሠራ አይተናል። የኢትዮጵያ ሙያ ፈቃድ ሳይኖራት ለጥቂት ሳምንትም ቢሆን፣ በነጻም ቢሆን፣ ታካሚ መመርመርና ማዘዝ የለባትም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 535 ያለ ፈቃድ የሕክምና ሥራ መሥራትን ይመለከታል፤ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ላሠራት ክሊኒክም ጣጣ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ወስዳ ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ) ካላት፣ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሥራ ፈቃድ ሳያስፈልጋት ተቀጥራ መሥራት ትችላለች። ቢጫ ካርዱ ግን የሙያ ፈቃድ አይደለም። ሁለቱን ብዙ ሰው ያምታታል። በእውነት ማገዝ ከፈለገች ቲኬት ከመቁረጧ ወራት አስቀድማ ዲግሪዋን፣ ፈቃዷንና ከፈቃድ ሰጪው ቦርድ የመልካም አቋም ማስረጃ ይዛ ጊዜያዊ ፈቃድ ትጠይቅ። የምትመዘገበው በየትኛው ማዕረግ እንደሆነም ቀድማ ትጠይቅ፤ እዚያ የለመደችው ሥልጣን ሁሉ እዚህ ላይሰጣት ይችላል። ፈቃዱ ካልደረሰላት ደግሞ ታካሚ ሳትነካ የምትሠራው ብዙ ሥራ አለ። ለባልደረቦችሽ የድንገተኛ አለርጂ አያያዝ ሥልጠና ብትሰጥ፣ የካርድ አጻጻፍና የርክክብ ልምዷን ብታካፍል፣ ለሌሊት ተረኛ ነርሶች ከዚያ የሚበልጥ ስጦታ አይኖርም።